እንግዳ ሳይታሰብ፣ ማባያ ሳይጠፋ

ስለ ድሮ ምግብ ሲነሳ የሁላችንም ትዝታ ወደ በዓሉ ይሮጣል። የሚታወሰን ዶሮ ወጡ ከነእንቁላሉ፣ ድፎ ዳቦው፣ ቅርጫው፣ ጠላው ነው። መጻሕፍትም ከዚህ ብዙ አይርቁም። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ አፍሪካ የምግብ ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እቴጌ ጣይቱ በ1887 እ.ኤ.አ. ለእንጦጦ ማርያም ያደረጉት ታላቅ ግብር ሰፊ ቦታ ይዟል። ግብር ይጻፋል፣ ይወራል፣ ይተረካል። ዓመቱ በሙሉ ግን ግብር አልነበረም። በዓል ባልሆነ ቀን፣ ምሳም እራትም ባልደረሰበት ሰዓት፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ተርቦ ሲገባ፣ ጎረቤት ለቡና ሲጠራ፣ አስቀዳሽ በዘጠኝ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ የሩቅ ዘመድ ሳይታሰብ ደጅ ሲቆም፣ ቤቱ አንድ ነገር ማቅረብ ነበረበት። ያ ነገር ብዙውን ጊዜ በትንሽ ሳህን የሚመጣ፣ በቂጣ ወይም በእንጀራ ቁራሽ እየተጠቀሰ የሚበላ ማባያ ነው፤ አዋዜ፣ ዳጣ፣ ሰናፍጭ፣ ስልጆ፣ አዚፋ፣ ቡቲቻ፣ ሱፍ፣ ተልባ። የትናንቱን ቤት በትክክል ማስታወስ የሚፈልግ ሰው ከዶሮ ወጡ ይልቅ እነዚህን ቢመረምር ብዙ ያተርፋል።

ለምን ቢባል፣ እነዚህ ማባያዎች ሲታወሱ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይባልላቸዋል፤ ቀላል ናቸው፣ ቶሎም ይደርሳሉ። አባባሉ እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ የያዘ እውነት ነው። አዋዜ ለመበጥበጥ ጥቂት ማንኪያ በርበሬና ትንሽ ጠጅ፣ አረቄ ወይም ውሃ ይበቃል፤ ሥራው የደቂቃ ነው። በርበሬው ግን ዕቃው ውስጥ የገባው ዛላው ከማረቆ ወይም ከአላባ መጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ተቀንጥሶ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላውና ከጤና አዳሙ ጋር ተደልዞ፣ እንደገና ደርቆ፣ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ ታምሶ ተጨምሮበት፣ ተፈጭቶና ተነፍቶ ነው። ሽሮውም እንዲሁ ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ በቅመም ተመጥኖ ነው ጓዳ የደረሰው። እንግዳው ፊት የምትታየው አሥር ደቂቃ ከኋላዋ ሳምንታት አሏት። ስለዚህ ቶሎ የሚደርስ ምግብ ከተማና ፋብሪካ ያመጡልን አዲስ ነገር አይደለም፤ የድሮው ጓዳም ያውቀው ነበር። ልዩነቱ ፍጥነቱ ከየት እንደሚመጣ ነው፤ ዛሬ ከሱቅ ይገዛል፣ ያኔ አስቀድሞ ከማሰናዳት ይገኝ ነበር። ማባያዎቹ ከገበታችን እየራቁ ሲሄዱም ያጣነው ጣዕማቸውን ብቻ አይደለም። ከሁሉ በፊት የላላው አስቀድሞ የማሰናዳቱ ሥርዓት ነው፤ ጣዕሙ የሄደው እሱን ተከትሎ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ሰናፍጭን ቀረብ ብለን እንየው። ፍሬው ደቃቅና ጠቆር ያለ ነው፤ ደርቆ በጠርሙስ ከተቀመጠ ዓመቱን ይከርማል። እንዲሁ ቢያሸቱት ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ተወቅጦ ውሃ ሲነካው ግን አፍንጫን ሰንፍጦ ዓይን ያስለቅሳል። በፍሬው ውስጥ ተለያይተው የሚኖሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ ኃይሉን አምቆ የያዘው ውህድ፣ ሌላው ያንን ውህድ የሚሰብረው ኢንዛይም። ፍሬው ሲደቅና ሲርስ ይገናኛሉ። ውሃው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ከሆነ ኢንዛይሙ ሥራውን ይሠራል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስንፈጣው ይወጣል። የፈላ ውሃ ከፈሰሰበት ግን ኢንዛይሙ ይሞትና የሚተርፈው ምረት ብቻ ነው። ሎሚው ከመጀመሪያው ከገባም ኃይሉ በቅጡ ሳይወጣ ይቀራል፤ ጥቂት ቆይቶ ሲገባ ግን የወጣውን ስንፈጣ ይዞ ያቆየዋል። ይህን ሁሉ በየቤቱ የነበሩ ባለሙያ እናቶች በኬሚስትሪ ቋንቋ አልተናገሩትም፤ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪው፣ ክደኚው፣ ትንሽ ይቆይ፣ ሎሚውን ኋላ ትጨምሪያለሽ እያሉ ለልጆቻቸው አስተላለፉት። ስለ ተልባም የተለየ ትእዛዝ ነበራቸው። ተልባ በፍሬው ዓመት ይከርማል፤ ተፈጭቶ ከተቀመጠ ግን ቅባቱ ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ የሚታመሰውም የሚወቀጠውም በሚበላበት ሰሞን ነው። ሽሮ በአንጻሩ ታምሶና ደርቆ ስለሚፈጭ ወራት ይቆያል። የቱ በዱቄት፣ የቱ በፍሬ፣ የቱ በሊጥ እንደሚቀመጥ ለይቶ ማወቅ የጓዳው ትልቁ ሙያ ነበር፤ ቶሎ መድረስ የተባለው ነገርም ከዚህ ሙያ የተገኘ ነው።

ትርፍራፊም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ነበረው። አዚፋ የሚሠራበት ድፍን ምስር ለብቻው መቀቀል የለበትም፤ ለወጥ ሲቀቀል እፍኝ ያህል ቀደም ብሎ ይነሳለታል። ከቀዘቀዘ በኋላ በማንኪያ ጀርባ ይዳጣል፤ ግን ሙሉ በሙሉ እንዳይልም፣ ግማሹ ፍሬ እንደታየ ይተዋል። ከዚያ የተበጠበጠው ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ የደቀቀ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጨውና ጠብታ ዘይት ይገባበታል፤ ሳይሞቅ ይበላል። ቡቲቻም የሚጀምረው ጓዳ ከማይጠፋው የሽምብራ ዱቄት ነው። ዱቄቱ በውሃና በዘይት እሳት ላይ እየተማሰለ ጠጠር ሲል ይወርዳል፤ ሲቀዘቅዝ ይፈረፈርና ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሎሚ ያገኛል። መልኩ ከእንቁላል ፍርፍር ጋር ስለሚመሳሰል ጾመኛውን በሩቅ ያየ ሰው ጾም የገደፈ ሊመስለው ይችላል። ሱፍ ሞቅ ተደርጎ ይወቀጥና በውሃ ይታሻል፤ ሲጠለል ነጭ ውሃው ይወጣል፤ ያደረ እንጀራ ሲፈተፈትበት ድርቀቱን ይረሳል። ከዚያም የተረፈ እንጀራ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ድርቆሽ ይሆናል፤ ድርቆሽ ደግሞ ለአዋዜም ለአዚፋም ሁነኛ ማጥቀሻ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንዱ ትርፍ ሌላውን ትርፍ እያሟላ መሄዱ ነው። የተረፈው ምስር ሰናፍጭ ባይኖር የቀዘቀዘ ቅቅል ብቻ ይሆን ነበር፤ የተረፈው እንጀራም ሱፉ ባይኖር የሚጣል ነው። የተረፈን ነገር ምግብ የሚያደርገው አጠገቡ ተሰናድቶ የቆየው ነው።

ይህ ሥርዓት ዝም ብሎ ከብልኅነት የመጣ አይደለም፤ የዘመን መቁጠሪያው ያስገድድ ነበር። ኦርቶዶክሳዊው ቤት ረቡዕና ዓርብን ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የነቢያት ጾም 43 ወይም 44 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ የሐዋርያትና የነነዌ ጾም ሲጨመሩበት የጾሙ ቀን ወደ ዓመቱ ግማሽ ይጠጋል። በፍስኩ ጊዜ ቶሎ የሚቀርብ ነገር አይቸግርም፤ እርጎ አለ፣ አይብ አለ፣ ቅቤ የተቀባ ቂጣ አለ። ጾም ሲገባ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይወጣሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ የቆየ ሰው ደግሞ ባቄላ እስኪበስል ጠብቅ አይባልም። ስለዚህ ጥራጥሬውና የቅባት እህሉ የእርጎንና የአይብን ቦታ እንዲሸፍኑ ተደረገ። የባቄላና የአብሽ ዱቄት እየተመታ የሚዘጋጀው እልበት፣ ከሱፍ ውሃና ከባቄላ ዱቄት የሚሠራው ስልጆ፣ እነ ኑግና ተልባ በዚህ መንገድ ነው የጾሙን ጓዳ የሞሉት። ነገሩ ግን የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። በምሥራቁ ከተሞች በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ከሳምቡሳው አጠገብ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት የተፈጨ የሚያቃጥል ማባያ አይጠፋም። በጋሞ ደጋ የዶርዜ ቤት የእንሰት ቂጣውን ከዳጣ ጋር ያቀርባል። የረሃቡ ሰዓት አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ፣ ማባያውም አስቀድሞ ይታሰባል።

አንዳንዱን ማባያ ደግሞ ጊዜው ራሱ ይሠራዋል። ስልጆ ከተገነፋና ከቀዘቀዘ በኋላ ሰናፍጩ ገብቶበት ይከደናል፤ ለቀናት እየኮመጠጠ ይሰነብታል። ኮምጣጣነቱን የሚያመጡት እርጎን የሚያረጉት ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አሲዱ ከሰናፍጩና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ሆኖ ሌሎች ጀርሞችን ያርቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የማይክሮባዮሎጂ ምሁር ሞገሴ አሸናፊ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያ የኮመጠጡ ምግቦችና መጠጦች ዳሰሳ ውስጥ ከእንጀራ፣ ከእርጎና ከጠላ ጎን ስልጆ፣ አዋዜና ዳጣ መግባታቸው አያስደንቅም። እነዚህ ከማጣፈጫነት በላይ የማቆያ ዘዴዎች ናቸው። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ቤት ለሳምንታት የሚቆይ፣ ተጨልፎ ወዲያው የሚቀርብ ምግብ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። በደርግ ዘመን የምግብ ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ኅብረት ሱቅ በራሽን ሲታደል የነበረውን ጊዜ የሚያስታውስ ትውልድም የዚህን ጥቅም ያውቃል። ሱፍ፣ ኑግና ተልባ ዘይታቸውን በፍሬያቸው ይዘው ስለሚመጡ የዘይቱ ጠርሙስ ሲደርቅ ማባያው አይደርቅም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይመጣል። ይህ ሁሉ የማጣት ምግብ ነው፤ ሰው ሥጋና ቅቤ ቢያገኝ ተልባ አይወቅጥም ነበር፤ ድህነትን በትዝታ ቀብቶ ማሳመር ምን ይጠቅማል? ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ብዙ ቤት ማባያውን ያቀረበው ሌላ ስላልነበረው ነው። ነገር ግን ማስረጃው ሙሉ በሙሉ ወደዚያ አያዘነብልም። ቁርጥ ሥጋ የሚቆረጥበትን ገበታ ተመልከቱ፤ ከዚያ የበለጠ የጥጋብ ምልክት በአገሩ የለም። ከሥጋው አጠገብ የሚቀመጡት አዋዜ፣ ሚጥሚጣና ሰናፍጭ ናቸው፤ ያው የጾሙ ቤት የሚያውቃቸው። የድሃ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ሀብታሙ ሲጠግብ በተዋቸው ነበር። ሌላም ምስክር አለ። ሽምብራና ሰሊጥ ተቀላቅለው የሚሠራው ሁሙስ ዛሬ ከቴል አቪቭ እስከ ዱባይ፣ ከለንደን እስከ ዋሽንግተን በየሱፐርማርኬቱ ማቀዝቀዣ ተደርድሯል። የሁመራ ሰሊጥ ለጣሂና ከሚፈለጉት ምርጥ ዘሮች አንዱ ነው፤ ከገዢዎቹም መካከል እስራኤል ትጠቀሳለች። ሽምብራውም ከእኛ ደጋ አይጠፋም። ከአንድ ዓይነት እህል ተነስቶ አንዱ ማባያ ዓለምን ሲዞር ሌላው በፍስክ ቀን የማይታወስ ከሆነ፣ ምክንያቱ የእህሉ ድህነት ሊሆን አይችልም። ምግቡን ዝቅ ያደረገው የእኛ ግምት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። አስቀድሞ ማሰናዳት የሚባለው ነገር በማን ጀርባ ላይ ነበር? በሴቶች። ከድንጋይ ወፍጮው ላይ ተደፍታ መጁን ስትገፋ የምትውለው፣ በርበሬ ስትደልዝ ዓይኗ የሚቃጠለው፣ ዘነዘናውን የምታነሳው ሴት ናት። እንግዳው ፊት የቀረበው ፍጥነት የእርሷ ድካም የተሸሸገበት ነው፤ ምስጋናውም ለቤቱ አባወራ ደግነት የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነበር። ይህን የማያነሳ የጓዳ ትዝታ እውነተኛ ትዝታ አይደለም። ግን ሥርዓቱንና ሸክሙን መለየት ይቻላል፤ ታሪኩ ራሱ ለይቶ አሳይቶናልና። የሞተር ወፍጮ በየሰፈሩ ሲተከል ድንጋይ ወፍጮው ከቤት ወጣ፤ ሽሮና በርበሬ ግን አልጠፉም። ሰናፍጭና ተልባ ዛሬ በቡና መፍጫ በአንድ ደቂቃ ይልማሉ፤ ጣዕማቸውም ያው ነው። ድካሙ በመሣሪያ ሲቀል ሊተርፍ የሚገባው ዕውቀቱ ነበር፤ ምን መቼ ይገዛል፣ ምን በምን ይቀመጣል፣ የተረፈው ከምን ጋር ይገናኛል የሚለው። እኛ ግን ሸክሙን ስናራግፍ ዕውቀቱንም አብረን አራገፍነው፤ ዕውቀቱ የሴት ሥራ ተብሎ ስለተናቀ ወንዱ አልተማረውም፣ ሴቷም ከእስሩ ለመውጣት ስትል ተወችው። መፍትሔው ወደ ሙቀጫው መመለስ ሳይሆን ይህን ዕውቀት የቤቱ ሰው ሁሉ እንዲካፈለው ማድረግ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የዘመኑ ነው። ሱቁ አለ አይደለም ወይ? በርበሬው ተፈጭቶ፣ ሽሮው ተመጥኖ፣ አዋዜው በጠርሙስ ታሽጎ ይሸጣል፤ ማዮኔዝና ካቻፕም አለ፤ የከተማ ሰው ጊዜ የለውም። ሱቁ መኖሩ በጎ ነው፤ ሥራ ውሎ የሚገባ ሰው በርበሬ ይደልዝ የሚል ፍርደ ገምድል ነው። ይሁን እንጂ ሱቅ የሚሸጠው ዕቃ ነው፤ መሰናዳትን አይሸጥም። ያላሰበበት ሰው የሱፐርማርኬት ጎረቤት ሆኖም እንግዳ ሲመጣበት ይደነግጣል። የተፈጨ ነገር ሲገዛ ደግሞ ከምን እንደተፈጨ ማየት አይቻልም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ገበያ በሽሮና በተፈጨ በርበሬ ላይ የተደረገ ምርመራ በአንዳንዶቹ ናሙናዎች ውስጥ ከሻጋታ የሚመጣውን አፍላቶክሲን አግኝቷል። የድሮዎቹ ዛላውን አንድ በአንድ እያዩ የሚቀነጥሱትና በደንብ ያልደረቀውን የሚመልሱት ያለ ምክንያት አልነበረም። በእርግጥ ቤትም ቢሆን ርጥበት ባለበት ከተቀመጠ ሻጋታ አይቀርም፤ ልዩነቱ በቤቱ ያለው ሰው የሚያየው መሆኑ ነው። በውጭ አገር የሚኖረው ወገናችን ይህን ከእኛ በተሻለ የተረዳ ይመስላል። ወደ አሜሪካም ሆነ ወደ ዓረብ አገር በሚሄድ ሻንጣ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ የማይጠፉት ጥቅሉ ከጣዕም በላይ የወራት ዝግጅት ስለያዘ ነው፤ የሚያስፈልገው ከሥራ መልስ ትንሽ ውሃና ትንሽ እሳት ነው።

ሌላም የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ ይህ ሁሉ ባህልን እንደ ነበረ አቆዩ ማለት ነው ወይ? አይደለም። የአዋዜ ልብ የሆነው በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው፤ ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት በዚህ ምድር አይታወቅም ነበር። ከባቢሌ የሚመጣው ኦቾሎኒና የፍትፍቱ ቲማቲምም ከዚያው የመጡ ናቸው። ጓዳው እንግዳ እህልን አልገፋም፤ በራሱ ሥርዓት ውስጥ አስገባው እንጂ። ስለዚህ የዛሬ ቤት ከቆርቆሮ የወጣ ሽምብራ ዳጥ አድርጎ ሰናፍጭና ሎሚ ቢጨምርበት ባህል አላፈረሰም። ትናንት የተረፈ ወፍራም ሽሮ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ጥሬ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሎሚ ቢያገኝ ጥሩ የዳቦ ማባያ ይወጣዋል። ጣሂና በአዋዜ ቢበጠበጥ፣ ኦቾሎኒ በሚጥሚጣ ቢወቀጥ ያው መንገድ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አይዘነጋም። የተቀቀለ ጥራጥሬ እንደ ስልጆ አሲድ አልያዘም፤ ውጭ ሲያድር ይበላሻል። ስለዚህ ቶሎ መቀዝቀዝ፣ በማቀዝቀዣ መቀመጥና በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መበላት አለበት። ትርፍን ማክበር ማለት የተበላሸን መብላት አይደለም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ስለ ጓዳም ይሠራል። የዛሬው ጥድፊያችን ብዙ ጊዜ ምንም ባልተሰናዳበት ቤት ውስጥ የሚደረግ ነው፤ ውጤቱም ውድ፣ ጨዋማና የሚያሰለች ምግብ ነው። የድሮው ጓዳ የሚመሰገነው ድሃ ስለነበረ አይደለም፤ ሴቶችን ማድከሙማ ሊወቀስበት ይገባል። ምስጋናው የነገውን ረሃብና የነገውን እንግዳ ዛሬ ቆጥሮ ያድር ስለነበረ ነው። ይህን ለመመለስ ብዙ አይጠይቅም። በጠርሙስ ያለ የሰናፍጭ ፍሬ፣ ጥሩ በርበሬ፣ የሽምብራ ዱቄት፣ ከእሑድ ወጥ አስቀድሞ የተነሳ አንድ ሳህን ምስር፣ ጥቂት ድርቆሽና ሎሚ ካለ በሳምንቱ ውስጥ የትኛውም ደጅ አንኳኪ አያስደነግጥም። እነዚህን ገዝቶ፣ አድርቆ፣ ፈጭቶ የማስቀመጡ ሥራም አባትና ወንድ ልጅ ሊወጡት የማይችሉት ነገር የለበትም። ይህ ሲለመድ ማባያውን እንደ ቀረ ነገር በናፍቆት ማውራት አያስፈልገንም፤ ማክሰኞ ማታ ከዳቦው ጋር እንበላዋለን።